ለሚቆጣ ቆዳ የሚሆን ሻምፑ፣ የፀጉር ቅባትና ቀለም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ቆዳቸው ቶሎ የሚቆጣባቸው ሰዎች ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው አዘውትረው የሚጠይቁት ይህንን ነው።

ራሴን በታጠብኩ ቁጥር ያሳክከኛል። አለርጂ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ጠንካራ ሳሙና፣ ሪላክሰር (ከርዳዳ ፀጉር የሚያቃና ኬሚካል) ወይም በጣም የሞቀ ውሃ የማንንም ሰው ቆዳ ይለበልባል። ይህ መቆጣት ነው እንጂ አለርጂ አይባልም። ወዲያው ወይም በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ ከማሳከክ ይልቅ ማቃጠልና መወጠር ይበዛዋል፣ ምርቱን ሲተዉት ይበርዳል።

አለርጂ ግን ሰውነት አንዱን ንጥረ ነገር ለይቶ ጥርስ ሲነክስበት የሚመጣ ነው። ጥቂት መጠን ይበቃዋል፤ ደግሞም ይዘገያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። ሐሙስ የተቀባችው ቀለም ቅዳሜ ሲያሳክካት፣ ጥፋቱ ዓርብ በበላችው ሽሮ ላይ ይላከካል። ስለዚህ ማሳከክ ሲጀምር የትናንቱን ብቻ ሳይሆን ሦስት አራት ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ምን እንደተቀቡ ያስታውሱ።

ቅባታማ ቅርፊት ካለው፣ በቅንድብና በአፍንጫ ጎን ጭምር ከታየ ደግሞ ፎረፎር ሊሆን ይችላል። የዚህ ጥፋተኛ ሻምፑው ሳይሆን ማላሴዚያ የሚባለው፣ በሁሉም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው። ለእሱ ለስላሳ ሻምፑ ሲያማርጡ መክረም ጊዜ ማባከን ነው። ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለበትን ሻምፑ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ራስ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እያቆዩ ለጥቂት ሳምንታት መታጠብ ይሻላል።

"ሃይፖአለርጀኒክ" የሚል ካለበት ያለ ሐሳብ ልግዛ?

ቃሉን ማንም አምራች በፈለገው ጠርሙስ ላይ ሊያትመው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1975 እ.ኤ.አ. ቃሉን የሚጠቀም ሁሉ በሙከራ እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። የመዋቢያ አምራቾች ተከራክረው በ1977 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። እዚያም ቢሆን እስከ ዛሬ በሕግ የታሰረ ትርጉም የለውም። "በቆዳ ሐኪም የተፈተሸ" የሚለውም ስንት ሰው ላይ ተሞክሮ ምን እንደተገኘ አይነግርዎትም።

ፊት ለፊት ያለው ጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። ከዚያ መሃል አንድ የሚጠቅም ነገር ካለ "ሽቶ አልተጨመረበትም" የሚለው ነው። "ሽታ የለውም" ከሚለው ጋር አያምታቱት፤ ይኼኛው የጥሬ ዕቃውን ጠረን እንዲሸፍን ሽቶ ተደርጎበት ሊሆን ይችላል።

ከጠርሙሱ ጀርባ የትኞቹን ስሞች ልፈልግ?

ጽሑፉ ደቃቅና በላቲን ፊደል የተጻፈ ስለሆነ በስልክዎ ፎቶ አንስተው አስፍተው ያንብቡት። ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ላይ ውሃ፣ ቀጥሎ አረፋ የሚሰጡት፣ መጨረሻ አካባቢ ሽቶውና እንዳይበላሽ የሚያደርጉት መከላከያዎች ይመጣሉ። ለአለርጂ የሚያሰጉት ብዙዎቹ ያሉት ከታች ነው፤ መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ ግን አይናቁ።

ከሁሉ በፊት "ፓርፉም" ወይም "ፍራግራንስ" የሚለውን ይፈልጉ። በአንድ ቃል ስር በደርዘን የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ቀጥሎ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው መከላከያ ነው። ብዙ ሰው ስላስቸገረ የአሜሪካ የቆዳ ንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር ለ2013 እ.ኤ.አ. "የዓመቱ አለርጂ አምጪ" ብሎ መርጦታል። የአውሮፓ ኅብረትም ሳይታጠቡ ከሚቆዩ ቅባቶችና ክሬሞች በ2017 እ.ኤ.አ. አስወጥቶታል፤ ታጥበው በሚወገዱ ሻምፑዎች ውስጥ የፈቀደው ጣሪያ 0.0015 በመቶ ብቻ ነው። እኛ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ግን ከየትም የመጣ ሊሆን ስለሚችል ስሙን ራስዎ መፈለግ አለብዎት። ዲኤምዲኤም ሃይዳንቶይን፣ ኳተርኒየም 15 እና ኢሚዳዞሊዲኒል ዩሪያ ደግሞ ፎርማልዴሃይድ ቀስ በቀስ የሚለቁ መከላከያዎች ናቸው፤ ቆዳው የሚቆጣ ሰው ቢያልፋቸው ይሻላል።

ከአረፋ ሰጪዎቹ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ቆዳን የሚያደርቅና የሚያስቆጣ ነው። ስሙ የሚመሳሰለው ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት ለዘብ ይላል። ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ለብዙ ሰው ለስላሳ ቢሆንም ጥቂቶችን፣ በተለይ የዓይን ሽፋናቸው ላይ ያስቸግራል። "ከኮኮናት የተሠራ" እየተባለ የሚወደሰው ዴሲል ግሉኮሳይድም አልፎ አልፎ አለርጂ ያመጣል። ሁሉንም የሚያመልጥ ሻምፑ እየፈለጉ ከመድከም ዝርዝሩ አጭር የሆነውን መያዝ ይቀላል።

"ፓራቤን የለውም" የሚለው ይሻላል አይደል?

ለአለርጂ ብሎ ፓራቤንን መሸሽ ጥቅሙ አይታየኝም። ፓራቤን ከመከላከያዎች ሁሉ አለርጂ በማምጣት ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ያው የአሜሪካ ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. "የዓመቱ አለርጂ የማያመጣ" ብሎ እስከመሰየም ደርሷል። አምራቹ ፓራቤንን ሲያወጣ በቦታው ሌላ መከላከያ ማስገባቱ አይቀርም፤ ያ ተተኪ ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወጣውን ሳይሆን የገባውን ያንብቡ።

የሕፃናት ሻምፑ ብጠቀምስ?

ዓይን እንዳያቃጥል ተብሎ ስለሚሠራ አረፋው ለስላሳ ነው፤ ሽቶው ግን ብዙ ጊዜ አለ። ጠርሙሱን ከፍተው ደስ የሚል የሕፃን ሽታ ከሸተተዎት ያ ሽታ ከየትም አልመጣም።

በልብስ ሳሙና ወይም በገላ ሳሙና መታጠብስ?

ጤነኛ የራስ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አሲድነቱ መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) 5 ተኩል ገደማ ነው። ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። የቆዳውን ቅባት ጠርጎ ስለሚወስድ ቆዳው ይሰነጣጠቃል፤ በተሰነጠቀው በኩል ደግሞ አለርጂ አምጪው ሁሉ እንደልቡ ይገባል። ውሃው ማዕድን የበዛበት ሰፈር ከሆነ ሳሙናው ነጭ ዝቃጭ ፀጉር ላይ ይተዋል፣ እሱም ያሳክካል።

ሻምፑ ለመግዛት አቅም ካነሰ በየሳምንቱ በሳሙና ከመታጠብ አንድ ለስላሳ ሻምፑ ገዝቶ በውሃ አቅጥኖ በቁጠባ መጠቀም ይሻላል። ያቀጠኑትን ግን የዚያኑ ዕለት ይጨርሱት። ውሃ ሲገባበት መከላከያው ስለሚዳከም ማስቀመጥ አያዋጣም።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ በስንት ቀን ልታጠብ?

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩና ደረቅ ነፋሱ ቆዳን ይፍቀዋል፤ ሰው ደግሞ ብርዱን ለመርሳት የፈላ ውሃ ራሱ ላይ ያፈሳል። ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ከርዳዳና ደረቅ ፀጉር ያለው ሰው በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ ቢታጠብ ችግር የለውም። ፎረፎር ያለበት ግን በሳምንት ከአንድ ጊዜ አያሳንስ። ቆላ ወርደው ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላሉ ሰዎች ላቡ ስለሚበዛ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ግድ ነው፤ በየመሃሉ በውሃ ብቻ መለቅለቅም ይቻላል።

ሻምፑውን መዳፍ ላይ ያቅጥኑና የራስ ቆዳውን በጣት ጫፍ እንጂ በጥፍር አይሹት። የተረፈ ሻምፑ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ላይ ተደብቆ ይቀራል፤ ሽፍታው ብዙ ጊዜ እዚያ የሚወጣውም ለዚህ ነው። እስኪጠራ ያለቅልቁ።

ለጋ ቅቤ ለሚቆጣ ቆዳ ይሆናል?

ቅቤ ራሱ ቆዳውን በአለርጂ የሚያስቆጣው ሰው ጥቂት ነው። ሽቶ የለው፣ መከላከያ የለው፤ ለደረቀ ፀጉር ከብዙ ውድ ትሪትመንት አይተናነስም። ችግሩ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው።

ፎረፎር ካለብዎት ማላሴዚያ የሚመገበው ስብ ነው። ቅቤውን ራስዎ ላይ አፍስሰው በሻሽ ጠቅልለው ሁለት ሦስት ቀን ሲቆዩ ለፈንገሱ ድግስ ደግሰውለታል። የወይራና የኮኮናት ዘይትም ያው ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው ቫዝሊን ይሻላል፤ ፈንገሱ አይበላውምና። ቅቤውን መተው ካልሆነልዎት ፀጉሩን ብቻ ይቀቡ፣ የራስ ቆዳውን ይለፉት፣ በማግስቱም ይታጠቡት። ቀልጦ በግንባር ሲወርድ ብጉር እንደሚያመጣ ልጃገረዶች ያውቁታል።

ሌላው ቅቤው ውስጥ የሚገባው ቅመም ነው። አደስ፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳር ሲጨመርበት ጠረኑ ልብ ይሰርቃል፤ ነገር ግን ያ ጠረን የፋብሪካ ሽቶ ከሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ጋር ዘመዳሞች ናቸው። የጠጅ ሳር ጠረን ሲትራል ነው፤ ሲትራል ደግሞ በሽቶ አለርጂ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። ሽቶ የማይስማማው ሰው ሽቶ ያለበትን ሻምፑ ጥሎ በቅመም የታሸ ቅቤ ሲቀባ እናያለን፤ ማሳከኩም አብሮት ይከርማል። ጤና አዳምና ሎሚ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲመታቸው እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ያስቋጥራሉ፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። የደጋ ፀሐይ ብርዱ ስለሚሸፍናት ነው እንጂ ኃይለኛ ናት። ጤና አዳም በቡና ስኒ ቢቆይ ይመረጣል።

የገበያ ቅቤ በሌላ ቅባት እየተቀየጠ እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። ለራስ የሚሆነውን ከሚያምኑት ቤት ይውሰዱ።

እሬት፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽንኩርት... የተፈጥሮ ስለሆኑ አይጎዱም አይደል?

ሳማም የተፈጥሮ ነው። ከተዘረዘሩት ተልባ በጣም የዋህ ነው፤ ተቀቅሎ የወጣው ዝልግልግ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ ቆዳንም እምብዛም አያስቆጣም። ግን መከላከያ ስለሌለው ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ፍሪጅ ውስጥም አያስቀምጡት። እሬት ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጡ ስር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ነው፤ እሱ ያሳክካል። ቅጠሉን አቁመው ያንጠባጥቡት፣ ይጠቡት፣ ከዚያ ውስጡን ነጩን ብቻ ይጠቀሙ።

የጥቁር አዝሙድ ዘይት በቆዳ ላይ የንክኪ አለርጂ እንደሚያመጣ በሕክምና የታወቀ ነው፤ ሳይቀጠን መቀባት በተለይ አይመከርም። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፣ ቁስልም ያደርጋል። የቀይ ሽንኩርት ጭማቂም ለሚቆጣ ቆዳ አይሆንም።

ላኖሊን ምንድን ነው? የበግ ነገር ነው ይላሉ።

አዎ፣ የበግ ፀጉር ላይ ያለው ቅባት ተጣርቶ ላኖሊን ይባላል፤ በብዙ የፀጉር ቅባቶችና የከንፈር ቅባቶች ውስጥ አለ። ለብዙ ሰው ምንም አይለውም፤ ችፌ ያለበት ሰው ግን ከሌላው ይልቅ ለላኖሊን አለርጂ የተጋለጠ ነው። መንዝ ላይ በርኖስና ባና ለብሰው አንገታቸው ሲያሳክካቸው "እኔ ለበግ ፀጉር አለርጂ ነኝ" የሚሉ አሉ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የክሩ መከርከር ነው እንጂ የላኖሊን አለርጂ አይደለም።

አዲስ ሻምፑ ወይም ቅባት ከመጀመሬ በፊት እንዴት ልሞክረው?

ቅባት ከሆነ የብር ሳንቲም በሚያህል ቦታ ክርን እጥፋት ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ይቀቡ። ሳያቋርጡ ለ7 ቀን፣ ጥርጣሬ ካለዎት እስከ 14 ቀን። ቀይ ካልሆነ፣ ካላሳከከ፣ ካልሻከረ ራስዎ ላይ ይጀምሩ። አንድ ቀን ተቀብቶ "ምንም አላለኝም" ማለት አይበቃም፤ አለርጂ ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑን አይርሱ። ሻምፑ ከሆነ ሳይታጠብ ቆዳ ላይ እንዲቆይ የተሠራ አይደለምና በውሃ አቅጥነው፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው ይታጠቡት። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ሳምንት አይጀምሩ።

ፀጉሬን ቀለም ስቀባ ፊቴ ያብጣል። ምን ዓይነት ቀለም ይሻለኛል?

ፊት ካበጠ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ጥቁርና ጥቁር ቡናማ የሆኑት ቋሚ ቀለሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ፓራፌኒሊንዳይአሚን ነው፤ በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። በፀጉር ቀለም አለርጂ ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ ራስ ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖበታል። "አሞኒያ የለውም" የሚለው ጽሑፍ ከፒፒዲ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ በቀለም ያበጠ ሰው ደግሞ አይሞክር። "ከጆሮ ጀርባ ቀብቼ ልየው" የሚለው 48 ሰዓት የሚፈጅ ሙከራ ለሌላው ሰው ነው፤ ፊቱ ያበጠ ሰው መልሱን አግኝቷል። ፒፒዲን የጠላ ሰውነት የቅርብ ዘመዱን ቶሉን 2,5 ዳይአሚንንም፣ ቤንዞካይን የሚባለውን የማደንዘዣ ቅባትም ሊጠላ ይችላል። ጥርስ ሐኪም ዘንድም ሆነ ፋርማሲ ሲሄዱ ይህንን መናገር አይርሱ።

ታዲያ ሽበቱስ? ምንም ያልተደባለቀበት የሂና ቅጠል ዱቄት ለብዙዎቹ ይስማማቸዋል፤ የሚሰጠው ግን ቀላ ያለ ብርቱካናማ ቀለም ነው፣ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። አለበለዚያ ሽበት ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም፤ የእኔ አስተያየት ይኸው ነው።

ጥቁር ሂናስ? ሠርግ ላይ ሁሉም ይቀባዋል እኮ።

ጥቁር ሆኖ በአንድ ሰዓት የሚይዝ ሂና በተፈጥሮ የለም። ጠቆረ ማለት ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ ያውም ለፀጉር ከተፈቀደው እጅግ በበለጠ መጠን። የሙሽራዋን እጅና እግር ሲያስጌጡ አብረው የሚቀቡት ትንንሽ ልጆች ያሳዝኑኛል። ያን ዕለት ምንም ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሰውነታቸው ግን ፒፒዲን ለይቶ ሊይዘው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ሽበት ለመሸፈን ቀለም ሲቀቡ ዓይናቸው እስኪዘጋ ሊያብጡ ይችላሉ።

እንሶስላ ከዚህ ወገን አይደለም፤ ሥሩ ተወቅጦ የሚታሰር ተክል ነው። ሥሩን አይተው ያስወቀጡት ከሆነ ጥሩ፤ ተፈጭቶ በላስቲክ የመጣው ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ግን ማንም አይነግርዎትም።

ሪላክሰር ስቀባ "ትንሽ ቻይው፣ ሊይዝልሽ ነው" ይሉኛል። ማቃጠሉ የሚሠራ መሆኑን ያሳያል?

አያሳይም። ፀጉር ስሜት የለውም፤ የሚቃጠለው ቆዳዎ ነው። ሪላክሰር ፒኤቹ ከ12 በላይ የሚሄድ ኃይለኛ ነገር ነው፣ ከቆየ ቆዳ ይልጣል፣ ጠባሳ ካደረገ ደግሞ እዚያ ቦታ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም። ማቃጠል ሲጀምር ሠሪዋ ስልክ ላይ ብትሆንም ጠርተው "አሁን ይታጠብልኝ" ይበሉ። ብዙ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ከሪላክሰሩ ጋር የሚመጣው ማርከሻ ሻምፑ።

"ኖ ላይ" የሚባለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለበትም ማለት እንጂ ቆዳ አይነካም ማለት አይደለም። ከመቀባቱ በፊት ባሉት ቀናት አይታጠቡ፣ አያኩ፤ ሹሩባም ዛሬ ፈትተው ዛሬ አይቀቡ። ግንባር ዳርና ጆሮ ላይ ቫዝሊን ወፍራም አድርገው ያስቀቡ። ቆዳው ላይ ችፌ ወይም ቁስል ካለ ቀጠሮውን ይሰርዙ።

በፒያስትራ የሚተኮሰው የኬራቲን ትሪትመንት ደግሞ ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ ሊለቅ ይችላል፤ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ጭስ እሱ ነው። ደረቱ የሚያፍን ሰው ከሚሠራበት ክፍል ጭምር ይውጣ። ሠሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ይተነፍሱታልና መስኮቱ ቢከፈት ለሁሉም ይበጃል፤ ደብረ ብርሃን ላይ መስኮት ክፈቱ ማለት ከባድ መሆኑን ባውቅም።

ሹሩባ ስሠራ በሰው ሠራሽ ፀጉር ነው የሚያሳክከኝ።

ፕላስቲኩ ክር ሲመረት የሚቀባው ነገር ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። ከመሠራትዎ በፊት ውሃ ውስጥ ጥቂት አቼቶ ጨምረው ዘፍዝፉት፤ ነጭ ነገር ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ያያሉ። በደንብ አለቅልቀው አድርቁት። ይህም ካልረዳ ያለ ተጨማሪ ፀጉር መሠራት ነው። የዊግ ማጣበቂያ አለርጂ የሚያመጣ አክሪሌት ሊኖረው ስለሚችል የሚሰፋውን ወይም በማበጠሪያ የሚያያዘውን ይምረጡ። በጣም የጠበቀ ሹሩባም ያለ ምንም አለርጂ ያሳክካል፤ ግንባር ዳር ያለውን ፀጉርም ይነቅላል።

የልጄ ራስ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩ ይረግፋል። ሻምፑ ልቀይርለት?

ይህ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ሻምፑም የሚቀባ መድኃኒትም ብቻቸውን አያድኑትም። እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከወንድም እህቱ ጋር ማበጠሪያና ቆብ አይጋራ፤ ፀጉር ቤትም ማሽኑ መጸዳቱን ይጠይቁ።

ለዓመታት የተጠቀምኩበት ሻምፑ እንዴት ዛሬ አለርጂ ይሆንብኛል?

አለርጂ የሚመጣው በትውውቅ ነው። ሰውነት ንጥረ ነገሩን ደጋግሞ ሲያገኘው ይለየዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ይቆጣበታል፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ "ይህን ለአሥር ዓመት ተቀብቼዋለሁ" የሚለው ነጻ አያወጣውም። በተጨማሪም አምራቹ ጠርሙሱን ሳይለውጥ ውስጡን ሊለውጥ ይችላል፤ ባዶውን አይጣሉ፣ ከአዲሱ ጋር ዝርዝሩን ያስተያዩ።

በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ሻምፑና ቅባት ላይ ግን የሚያስተያዩት ነገር የለም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችንም ይቆጣጠራል። የአምራቹ ስም፣ የባች ቁጥርና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የሌለውን ዕቃ አለመግዛት ከእርስዎ በኩል ያለው ቁጥጥር ነው።

የራሴ ቆዳ ምንም አላለም፤ የዓይን ሽፋኔና አንገቴ ነው የተቆጣው። ከፀጉር ምርት ሊሆን ይችላል?

በደንብ ይችላል። የራስ ቆዳ ወፍራም ነው፣ የዓይን ሽፋን ደግሞ ከሰውነት ሁሉ የሳሳ ነው። ሻምፑው በፊት፣ በጆሮ ጀርባና በአንገት ላይ ሲወርድ እዚያ ይታያል። ብዙ ሴቶች የፊት ክሬማቸውን ሦስት ጊዜ ለውጠው ሻምፑውን ሳይጠረጥሩት ይቆያሉ። ባልና ሚስትም ትራስ ይጋራሉ፤ የእሱ የፀጉር ጄል የእሷን ጉንጭ ሊያስቆጣ ይችላል።

ምርት ሁሉ የሚጎዳኝ መሰለኝ። የቱ እንደሆነ እንዴት ልለየው?

ሁሉንም ያቁሙ። ለአንድ ወር ያህል ሽቶ የሌለው አንድ ሻምፑና ንጹሕ ቫዝሊን ብቻ። ቆዳው ሲረጋጋ የድሮዎቹን አንድ በአንድ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ብቻ ይመልሱ። የተመለሰበትን ቀን ደብተር ላይ ይጻፉ፣ የእያንዳንዱን ጀርባ ፎቶ ያንሱ። ሁለት ያስቆጡ ምርቶች ከተገኙ በሁለቱም ዝርዝር ላይ ያለው የጋራ ስም ተጠርጣሪው ነው።

ቁርጡን የሚያሳውቀው የፓች ምርመራ ነው። ንጥረ ነገሮቹ በፕላስተር ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሳሉ፣ ውጤቱም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እንደገና ይነበባል። በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ምርመራ ስላልሆነ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ያ ደብተርና ፎቶው ብዙ ድካም ይቀንስልዎታል።

ጎረቤቴ የሰጠችኝ ክሬም ወዲያው አዳነኝ። ልቀጥልበት?

ቱቦውን ይዘው ይምጡና እንየው። "ወዲያው አዳነኝ" የተባለለት ክሬም ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ቁጣውን ያበርዳል፣ ምክንያቱን ግን አይነካም። ፊትና የዓይን ሽፋን ላይ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ዓይንንም ይጎዳል። ያለበት ፈንገስ ከሆነ ደግሞ መልኩን ለውጦ ያሰፋዋል። ሐኪም ካዘዘው ቦታውንና የቀኑን ብዛት ጠይቆ መጠቀም ነው።

መቼ ነው ሐኪም ቤት መሄድ ያለብኝ?

ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ዓይን ከተዘጋ ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ቆዳው ውሃ ካቋጠረ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካለው ለነገ አይደር። ምርቱን ትተው ሁለት ሳምንት ካለፈና ካልተሻለም ይታዩ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ ደብረ ብርሃን ያሉት ሆስፒታሎች መሄድ ይቻላል፤ ከዚያ የሚከብድ ከሆነ ለቆዳ ሕክምና የቆየ ልምድ ያለው አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ነው። ሲሄዱ ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ያለቀውንም ጭምር።